የመንገድና የመናፈሻ ሥራ ሰፈራችሁ ሲደርስ፦ የነዋሪዎች ቡድን መልስ አዘገጃጀት

ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መንገዱ ሊሠራ፣ ቦዩ ሊቀየር፣ መናፈሻው ሊታደስ ነው ይባላል። ነዋሪው ይሰበሰባል፣ ይጮሃል፣ ይፈርማል፣ ይበተናል። ከወራት በኋላ የመብራት ምሰሶው የእግረኛ መንገዱ መሃል ላይ ተተክሎ ይገኛል። "ተናግረን ነበር እኮ" ይባላል። ተናግራችሁ ነበር፤ ግን መሐንዲሱ እርሳስ አንስቶ ሊያስተካክለው በሚችል መልክ አልተናገራችሁም።

"መናፈሻችን ይከበርልን" የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። "ሉህ 4 ላይ ባለው ባለ ሦስት ደረጃ መግቢያ ጎን 5.4 ሜትር ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ይጨመር" የሚል ደብዳቤ ግን ወይ እሺ ወይ እምቢ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለተኛውን ዓይነት ደብዳቤ ለመጻፍ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለመነሻ ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ ሰነድ ይይዛል፣ አንዱ ሜዳ ወጥቶ ይለካል፣ አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይነጋገራል። ሦስቱንም አንድ ሰው ከያዘው ቶሎ ይደክመዋል፤ ሲደክመው ሁሉም ነገር አብሮት ይቆማል።

ዕቃ አዘጋጁ። ባለ 5 ሜትር ሜትር፣ ከተገኘ ደግሞ ባለ 30 ሜትር። ውሃ ልክ። ቀጥ ያለ ባለ 1 ሜትር ጣውላ። ጠመኔ፣ ገመድ፣ ካሜራ ያለው ስልክ። እና አንድ ደብተር። ማን ደወለ፣ ማን ምን አለ፣ በየትኛው ቀን፤ ሁሉም እዚያ ላይ ይጻፍ። ደብተሩ ትርፍ ይመስላል። ከአራት ወር በኋላ ግን ከሜትሩ በላይ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራው የት እንደደረሰ እወቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ሊሠሩ ነው?" አይደለም። "ምን ላይ ደርሰዋል?" ነው። ሥራው ገና ሐሳብ ከሆነ የመንገዱ አቅጣጫ ራሱ ሊቀየር ይችላል። ረቂቅ ንድፍ ላይ ከሆነ ቦታ፣ ስፋትና ቁሳቁስ ይቀየራል። ጨረታ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ለውጥ ገንዘብና የውል ማሻሻያ ስለሚጠይቅ በሩ ይጠባል። ግንባታ ከተጀመረ ደግሞ የቀረላችሁ የጥራትና የደኅንነት ጉዳይ ነው።

አስተያየት የሚቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ቀን አሥር ቀን ቀንሱ፤ የእናንተ ቀነ ገደብ እሱ ነው።

ባለቤቱንም ለዩ። መንገዱ የአንድ ክፍል፣ የውሃ መስመሩ የሌላ፣ የመብራት ምሰሶው የሦስተኛ፣ ዛፉ የአራተኛ ሊሆን ይችላል። ስለ ዛፍ ለመንገድ ክፍሉ ብትጽፉ ደብዳቤው ሲንከባለል ጊዜው ያልፋል።

*ቀኑ ካለፈባችሁ፦* አትተዉት። ግን ሃያ ጥያቄ ይዛችሁ አትሂዱ። ከደኅንነት ጋር የተያያዙ ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች ብቻ ምረጡ። ዘግይቶ የመጣ ረጅም ዝርዝር ማንም አያነብም።

ደረጃ 2፦ ሰነዱን እጃችሁ አስገቡ

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀለም ሥዕል ሰነድ አይደለም። እሱ ማስታወቂያ ነው። ሥዕሉ ላይ ያሉት ዛፎች የሃያ ዓመት ዛፎች ናቸው፤ የሚተከሉት ግን ወገባችሁ ጋ አይደርሱም።

እነዚህን በስም እየጠራችሁ ጠይቁ፦

1. ስኬል፣ ማለትም የወረቀቱ ልክ ከመሬቱ ልክ ጋር ያለው ምጣኔ፣ የተጻፈበት የቦታ ፕላን።
2. ሴክሽን፣ ማለትም መንገዱ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየው ሥዕል።
3. የጎርፍ ማስወገጃ ፕላን።
4. የሚቆረጡና የሚቀሩ ዛፎች ዝርዝር።
5. የሥራ ዝርዝርና መጠን።
6. የጊዜ ሰሌዳ።
7. ከተሠራ በኋላ ማን እንደሚንከባከበው የሚገልጽ ጽሑፍ።

ሰባተኛው ብዙ ጊዜ የለም። አለመኖሩን ማወቃችሁ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው፤ ደብዳቤያችሁ ውስጥ ቦታ ይኖረዋል።

*ከከለከሏችሁ፦* አትጣሉ። "ቅጂ መስጠት ካልተቻለ ቢሮ መጥተን እንድናይ ይፈቀድልን" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እሱን መከልከል ይከብዳል። ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ።

ደረጃ 3፦ ፕላኑን አንብቡ፣ ከዚያ መሬት ላይ ሣሉት

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ በሉ።

መጀመሪያ የሉሁ ጥግ ላይ ያለውን ሣጥን እዩ። የሉህ ቁጥር፣ ቀን፣ የማሻሻያ ቁጥር አለው። ሦስቱንም ደብተር ላይ ጻፉ። በአሮጌ ፕላን ላይ ሳምንት ሙሉ ተከራክረው "ይሄማ ተቀይሯል" ሲባሉ ድርቅ ብለው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ከመካከላቸው አንዱ እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ ስኬል። 1፡500 ከሆነ ወረቀት ላይ 1 ሴንቲ መሬት ላይ 5 ሜትር ነው። 1፡200 ከሆነ 1 ሴንቲ 2 ሜትር ነው።

ማስጠንቀቂያ። ፕላን ሲባዛ ብዙ ጊዜ ይጠባል። ኤ1 ወረቀት ላይ የተሣለ ፕላን ወደ ኤ3 ሲወርድ ርዝመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ "1፡200" ተብሎ ቢጻፍም እውነቱ 1፡400 ሆኗል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ 3 ሜትር የሆነውን መንገድ "1 ሜትር ተኩል ብቻ ነው" ብላችሁ ብትከሱ ስብሰባው ላይ መሳቂያ ትሆናላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። በተጻፈው የስኬል ቁጥር አትመኑ፤ ሉሁ ላይ የተሣለውን የስኬል መስመር በማስመሪያ ለኩና ከእሱ ተነሱ። የተጻፈ ልኬት ካለ ደግሞ በማስመሪያ ከለካችሁት ይልቅ የተጻፈውን ያዙ።

የከፍታ መስመሮቹን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙትን፣ ተከተሉ። ተቀራርበው ከሆነ ቦታው ዳገት ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ ነው። ውሃ መስመሮቹን አቋርጦ ወደ ትንሹ ቁጥር ይወርዳል። የሚወርድበት ጋ የማን በር አለ?

አሁን ወደ ሜዳ ውጡ። አከራካሪውን ነገር በጠመኔ ወይም በገመድ መሬት ላይ በእውነተኛ መጠኑ አስምሩ። የመንገዱን ጠርዝ፣ የአግዳሚውን ቦታ፣ ምሰሶው የሚቆምበትን ነጥብ። ጎረቤት ጥሩና "በዚህ እለፉ" በሏቸው። ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው በገመድ መሃል ሲያልፍ ወዲያው ይገባዋል። ለቀጣዩ ስብሰባም ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለም።

ደረጃ 4፦ ቦታውን በተለያየ ሰዓት ዙሩ

ቢያንስ ጠዋት፣ ማታና ዝናብ ላይ ዙሩ። ዝናቡ ላይ የሚወጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግን የጎርፍ ማስረጃ ፀሐይ ላይ አይገኝም። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ከአንድ ነጥብ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፤ ዝናቡ ካቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከዚያው ነጥብ ድገሙት። ከጎኑ ሜትር አቁሙ፤ ጥልቀቱ ይታይ።

ሰው ቁጠሩ። 15 ደቂቃ ቁሙና ስንት ሰው በየት እንደሚያልፍ ጻፉ። ሣሩ ላይ በእግር ተረግጦ የወጣ መንገድ ካለ ፎቶ አንሱ። ሕዝቡ በእግሩ የሣለው ፕላን እሱ ነው። አዲሱ መንገድ ከእሱ ከራቀ ሰው በድሮው ማለፉን አይተውም፤ አዲስ የተተከለው ሣር ይረገጣል፣ ከዚያ አጥር ይመጣል።

ብቻችሁን አትዙሩ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ፣ ዓይነ ስውር፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት፣ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንት አብረዋችሁ ይሂዱ። እናንተ መቶ ጊዜ ያለፋችሁበትን ማንሆል እነሱ በአንድ ጊዜ ያገኙታል።

ደረጃ 5፦ ለኩ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በብዙ አገር የሚሠራባቸው ናቸው። የእናንተ አገር ደንብ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ "በየትኛው ደንብ ነው የተነደፈው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በራሱ ደንብ መዝኑት።

*የእግረኛ መንገድ።* አንድ ዊልቸር ለማለፍ ቢያንስ 90 ሴንቲ ነፃ ስፋት ይፈልጋል። ሁለት ዊልቸር ለመተላለፍ 180 ሴንቲ። "ነፃ" የምትለው ቃል ላይ አስምሩ። ፕላኑ ላይ 2 ሜትር የሆነ መንገድ ምሰሶ፣ የቆሻሻ ገንዳና የዛፍ ጉድጓድ ሲገባበት 80 ሴንቲ ሊቀረው ይችላል። ስፋቱን የምትለኩት ከጠባቡ ቦታ ነው።

*ራምፕ።* የተለመደው ከፍተኛ ተዳፋት 1፡12 ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ የሆነ ባለ ሦስት ደረጃ መግቢያ 45 ሴንቲ ይነሳል፤ ራምፑ 5.4 ሜትር ይሆናል። ከላይና ከታች ደግሞ 1.5 ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ማረፊያ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው የሚገምተው ሁለት ሜትር ነው። በሁለት ሜትር የተሠራ ራምፕ ዊልቸር ወደ ኋላ የሚገለብጥ ነው።

*የጎን ተዳፋት።* መንገድ ውሃ እንዲያፈስ በትንሹ ወደ ጎን ያዘነብላል። 2 በመቶ ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጋሪና ዊልቸር ወደ ጎን ይጎትታል። መለኪያው እንዲህ ነው። 1 ሜትር ጣውላችሁን በመንገዱ አግድም አስቀምጡ፣ ውሃ ልኩን ከላይ አድርጉ፣ አረፋው መሃል እስኪገባ የዝቅታውን ጫፍ አንሱ፣ ከሥር ያለውን ክፍተት ለኩ። 2 ሴንቲ ከሆነ 2 በመቶ ነው። 5 ሴንቲ ከሆነ ችግር አለ።

*ጎርፍ።* አፈርና ሣር ውሃ ይጠጣሉ፤ ኮንክሪትና አስፋልት አይጠጡም። መናፈሻው ግማሹ ቢነጠፍ የሚወርደው ውሃ ይጨምራል። የምትጠይቁት "ቦይ አለው ወይ?" ብላችሁ አይደለም፤ ሁሌም አለ ይባላል። ጠይቁ፦ ውሃው ከቦዩ በኋላ ወዴት ይገባል? የታችኛው ቱቦ ከላይኛው ይጠባል? ቆሻሻ ቢዘጋው ትርፉ ውሃ በየት ይወጣል? ቦዩን ማን በዓመት ስንት ጊዜ ይጠርጋል? የፍርግርጉንም ክፍተት እዩ። ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ የከዘራ ጫፍና ትንሽ ጎማ ይነክሳል። ረዣዥም ክፍተቶቹ መንገደኛው የሚሄድበትን አቅጣጫ ማቋረጥ እንጂ መከተል የለባቸውም።

*ዛፍ።* ብዙ ዛፍ የሚሞተው በመጋዝ ሳይሆን በቁፋሮ ነው። የሚበዛው ሥር መሬት ውስጥ ጠልቆ አይሄድም፤ ከላይኛው አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ነው ያለው። የሚጠበቀውን ክልል እንዲህ አስሉ። ደረት አካባቢ፣ ከመሬት 1.4 እስከ 1.5 ሜትር ላይ የግንዱን ዙሪያ ለኩ። ለ3.14 አካፍሉት። በ12 አባዙት። ዙሪያው 126 ሴንቲ ከሆነ ውፍረቱ 40 ሴንቲ ነው፤ ከግንዱ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ 4.8 ሜትር ድረስ ቁፋሮ፣ የአፈር ክምርና የማሽን ጎማ መግባት የለበትም። ይህን ክብ በጠመኔ አስምሩና ፎቶ አንሱት። የታቀደው ቦይ በክቡ ውስጥ ካለፈ ትልቅ ነጥብ አግኝታችኋል።

*የልጆች መጫወቻ።* እዚህ ላይ አትደራደሩ። ከሸርተቴና ከዥዋዥዌ ሥር ኮንክሪት ወይም አስፋልት በፍጹም መኖር የለበትም፤ የተረገጠ ደረቅ አፈርም አያስተማምንም። 30 ሴንቲ ያህል ውፍረት ያለው ልል አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ወይም ለዚህ የተሠራ የላስቲክ ንጣፍ ያስፈልጋል። አሸዋና ፍቅፋቂ በእግር ስለሚገፋ በየጊዜው ይሞላል፤ ማን እንደሚሞላው ጠይቁ። በዕቃው ዙሪያ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፤ ለዥዋዥዌ ከፊትና ከኋላ ከዚያም ይበልጣል። በአንድ የዥዋዥዌ ፍሬም ላይ ከሁለት መቀመጫ በላይ አይሰቀልም። ከ9 እስከ 23 ሴንቲ የሆነ የተዘጋ ክፍተት ካለ ጻፉት። የልጅ ሰውነት ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል።

አግዳሚና መብራት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። አግዳሚው ቁመቱ 45 ሴንቲ ገደማ፣ ለመነሳት የክንድ መደገፊያ ያለው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ይሁን። የመብራት ምሰሶ ከዛፍ ቅርንጫፍ ሥር ከተተከለ የሚያበራው ቅጠሉን ነው።

ደረጃ 6፦ ሰፈሩን ስሙ፣ ከዚያ ፊርማ

ፊርማ መጀመሪያ አታሰባስቡ። ሰው ፈርሞ ከሄደ በኋላ ሐሳቡን መስማት አይቻልም።

"መናፈሻ ትፈልጋላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ማን አልፈልግም ይላል? "ይህ ቦታ ለኳስ ወይስ ለመቀመጫ ይሁን? ለሁለቱም አይበቃም" ብላችሁ ጠይቁ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ራሳቸው ይጠየቁ፤ ስለ እነሱ ወላጆች ብቻ አይናገሩ። ስብሰባ የማይመጡትን፣ ተከራዮችንና ማታ የሚሠሩትን፣ በር ድረስ ሄዳችሁ አግኙ።

አለመስማማት ይኖራል። አትደብቁት። "አብዛኛው ይህን ይላል፤ በመንገዱ በስተ ምሥራቅ ያሉ ቤቶች ግን በዚህ ምክንያት አይስማሙም" ብላችሁ ጻፉት። የደበቃችሁት ቅሬታ በሌላ ደብዳቤ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ መሥሪያ ቤቱ "መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ" ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

ማስጠንቀቂያ። ፊርማ ስታሰባስቡ የጥያቄው ሙሉ ቃል በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ ይኑር። ባዶ ወረቀት ላይ ያለ ፊርማ "ለምን እንደፈረሙ አይታወቅም" ተብሎ ይጣላል። እውነትም አይታወቅም።

ደረጃ 7፦ መልሱን ጻፉ

ዋናው ደብዳቤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ፎቶና ልኬት አባሪ ይሁኑ። የምትደግፉትን አስቀድሙ፤ ሁሉንም የሚቃወም ቡድን ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን በሦስት ክፈሉ፦ የግድ የሚስተካከል፣ ቢስተካከል የሚሻል፣ ገንዘብ ከተረፈ። የመጀመሪያው ክፍል ከአምስት በላይ ነጥብ ካለው እንደገና ምረጡ።

እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቅርጽ ይያዝ፦ የት፣ ምን ታቅዷል፣ ምን ችግር ያመጣል፣ ምን ይደረግ፣ ማስረጃው የት አለ። ለምሳሌ፦

> ነጥብ 2። ሉህ 3፣ ማሻሻያ ለ። የጎርፍ ቦዩ በሰሜን በኩል ካለው ትልቅ ዛፍ ግንድ 1.5 ሜትር ርቀት ላይ ያልፋል። የዛፉ ውፍረት 40 ሴንቲ ሲሆን መጠበቅ ያለበት ክልል 4.8 ሜትር ነው። ቦዩ በዚህ ከተቆፈረ ዋና ሥሮቹ ይቆረጣሉ። ቦዩ ወደ መንገዱ ጠርዝ እንዲጠጋ፣ ያ ካልተቻለ በክልሉ ውስጥ ቁፋሮው በእጅ እንዲሆን እንጠይቃለን። አባሪ 2፣ ፎቶ 5 እና 6።

"ያ ካልተቻለ" የምትለውን ሐረግ ልብ በሉ። ሁለተኛ አማራጭ ስትሰጡ ለእምቢታ የሚቀረው ቦታ ይጠባል።

*"ወጪው ይበዛል" ካሏችሁ፦* የሥራ ዝርዝሩን ክፈቱና ልትተዉት የምትችሉትን ጠቁሙ። ጌጠኛው በር ቀርቶ ራምፑ ይሠራ። የሚለቀውን የሚያውቅ ቡድን በቁም ነገር ይወሰዳል።

ደረጃ 8፦ አስገቡና ተከታተሉ

በሁለት ቅጂ ውሰዱ። አንዱ ገቢ ይሁን፤ ሌላው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁ ተመለሱ። ለሚመለከታቸው ሌሎች ክፍሎች ግልባጭ አድርጉ። በቃል "እሺ፣ እናየዋለን" ከተባለ በዚያው ቀን አጭር ጽሑፍ ላኩ፦ "ዛሬ በስልክ እንደገለጻችሁልን ምሰሶው እንደሚዛወር ተረድተናል። የተሳሳትነው ካለ እንድትነግሩን።" የቃል ተስፋ የሚጨበጠው እንዲህ ነው።

ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ዝም ካሉ የገቢ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ጻፉ። አሁንም ዝም ካሉ አንድ ደረጃ ከፍ ወዳለው ኃላፊ ሂዱ፤ የሁለቱንም ደብዳቤ ቅጂ ያዙ።

ስብሰባ ከጠሯችሁ ሁለት ሰው ብቻ ይናገር። ቢቻል ስብሰባው ሜዳው ላይ ይሁን፤ ጠመኔው ይናገርላችሁ። ሳትበተኑ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ቃለ ጉባኤውን እነሱ ካልያዙ እናንተ ይዛችሁ ላኩላቸው።

ደረጃ 9፦ ቁፋሮ ሲጀመር

ማሽን ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ይለቅ። የዛፎቹ ክልል ይታጠር። ለመንገዱ ቅርብ የሆኑ የቤትና የአጥር ግድግዳዎች በሙሉ ፎቶ ይነሡ፤ በኋላ "ይሄ ስንጥቅ ድሮም ነበር" እንዳይባል። የውሃ፣ የመብራትና የስልክ ክፍሎች የሚቆፍሩት ካለ አስፋልቱ ሳይፈስ ቀድመው እንዲጨርሱ በጽሑፍ ይጠየቁ። አዲስ መንገድ በሦስተኛ ወሩ ሲበጣ አይታችኋል አይደል?

ሠራተኛውን አትዘዙ። የሚያዝዘው ሌላ ነው፤ እናንተን ሰምቶ ቢሳሳት እዳው ለእሱ ይሆናል። ያያችሁትን ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ በቀንና በፎቶ አሳውቁ። ማንም ነዋሪ ሊያያቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ካያችሁት ተናገሩ። የተሞላ ጉድጓድ በቀጭን በቀጭኑ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት፤ አፈሩ በአንድ ጊዜ ተዝቆ ከተደፋ መንገዱ ይሰምጣል።

ደረጃ 10፦ ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክብ የሚደረግበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ሜትር፣ ውሃ ልክና ባልዲ ይዛችሁ ዙሩ። ባልዲው ለቦዩ ነው። ውሃ ከላይ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ ኋላ ከመጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የዊልቸርና የከዘራ ባለቤቶቹ አሁንም አብረዋችሁ ይሁኑ። ጉድለቱን በቁጥር ዘርዝሩ፣ ፎቶ አያይዙ፣ ገቢ አድርጉ።

ከጊዜያዊው እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ሥራ ተቋራጩ ጉድለቱን በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት ጊዜ አለ። ብዙ ውል ላይ አንድ ዓመት ነው፤ የእናንተውን ጠይቁና ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ደግሞ አንድ ጊዜ ዙሩ። ሁለተኛው ዙር ይረሳል። ያኔ ቡድኑ ተበትኗል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ስለዚህ የሚዞረውን ሰው ዛሬውኑ በስም መድቡ።

አዲስ የተተከሉ ዛፎችን የሚያጠጣ ሰውም እንዲሁ ይመደብ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት በደረቁ ወራት ውሃ ይፈልጋሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ከድጋፍ እንጨቱ ጋር ያሰራቸውን ገመድ ፍቱት፤ ከተረሳ ግንዱን ያንቃል።